«እርግጠኛ ነኝ» የምትል ምስክር ብትሳሳትስ? ስለ ሮናልድ ኮተን ጉዳይ

የሜሪላንዷ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ዜግነት ከወሰድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጁሪ አገልግሎት (ተራ ዜጎች ተመርጠው በችሎት ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑበት ሥርዓት ነው) እንድቀርብ የሚያዝ ደብዳቤ በቅርቡ ደርሶኛል። በምን ዓይነት ጉዳይ ላይ እንደምቀመጥ፣ ጭራሹንም እመረጥ እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ የማነሣው ስለ አንድ የተያዘ መዝገብ ሳይሆን ስለ ነገሩ በጠቅላላው ነው። እኔ ያደግሁት ፍርድ የሚሰጠው በተሾመ ዳኛ በሆነበት አገር ነው፤ አንድን ሰው ጥፋተኛ ነህ ወይም አይደለህም የማለት ሸክም በእኔ ቢጤ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በዚሁ ምክንያት በሰሜን ካሮላይና ስለታየው የሮናልድ ኮተን ጉዳይ ሳነብ ሰነበትኩ። ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1984 ክረምት፣ በበርሊንግተን ከተማ፣ ጄኒፈር ቶምሰን የተባለች የ22 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ሌሊት ቤቷን ሰብሮ በገባ ሰው ተደፈረች። ቶምሰን በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ ሆና፣ በሕይወት ከተረፍኩ አሳስረዋለሁ በማለት የሰውየውን ፊት በጥንቃቄ አጥንታው ነበር። ከዚያም ሮናልድ ኮተንን መርጣ አወጣች፣ በችሎትም ያለ ማመንታት መሰከረች፤ እሱም በ1985 መጀመሪያ ዕድሜ ልክና 50 ዓመት ተፈረደበት። በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ ደፋሪው ቦቢ ፑል የተባለ ሌላ ሰው መሆኑን አረጋገጠ። ኮተን የወጣው ከአሥር ዓመት ተኩል እስር በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቶምሰን ልታገኘው ጠየቀች፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገናኙ፣ ይቅርታ ለመነችው፣ ይቅር አላት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው እየተዘዋወሩ ስለ ዓይን ምስክርነት ስሕተት ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቶምሰን አልዋሸችም፣ ቂም አልነበራትም፣ እንዲያውም ከምስክር ሁሉ ጠንቃቃዋ እሷ ነበረች። በዚያ ጁሪ ውስጥ ብቀመጥ ኖሮ እኔም አምኛት ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለ ምስክር ፊቴ ቢቀርብ ምኑን ከምን ልመዝን? ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህን ታሪክ በአጥቢያችን ከቅዳሴ በኋላ ሳነሣው ብዙዎች «ይቅር ከተባባሉ ነገሩ አልቋል» ብለው አለፉት። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የአሥሩ ዓመት ዕዳ በይቅርታ ይዘጋል?

መምህሩ

እኅታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የሥነ ልቦና ትምህርት ስለማስተምር የመጀመሪያውን ልሞክር።

ሰው ትዝታን የሚያስበው እንደተቀመጠ ፎቶግራፍ ነው፤ ትዝታ ግን በተነሣ ቁጥር እንደገና የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ በመካከል የገባውን ሁሉ እየቀላቀለ ይሄዳል። በኮተን ጉዳይ ይህ እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ቶምሰን ከፖሊስ ጋር ተቀምጣ የሰውየውን መልክ በሥዕል አሠራች፤ ዓይኑ እንዲህ፣ አፍንጫው እንዲህ እያለች ማለት ነው። ቀጥሎ ስድስት ፎቶግራፎች ተደረደሩላት፤ ደቂቃዎች ወስዳ፣ አንዱን ከሌላው እያስተያየች፣ የኮተንን አነሣች። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ አንድን ፊት በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ እንዳየው ይለየዋል። እያስተያየ የሚመርጥ ሰው ግን «ከእነዚህ መካከል ይበልጥ የሚመስለው የትኛው ነው?» ለሚል ለሌላ ጥያቄ መልስ እየሰጠ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ወንጀለኛ ከስድስቱ ውስጥ አልነበረም፤ «ይበልጥ የሚመስል» ግን ሁልጊዜ አይጠፋም።

ከመረጠች በኋላ መርማሪዎቹ ጥሩ ሠርተሻል የሚል ስሜት እንዲያድርባት አደረጉ። ቀጥሎ ሰዎች በአካል ተሰልፈው ቀረቡላት፤ በሁለት ሰዎች መካከል አመነታችና ኮተንን ጠቆመች። በፎቶውም በሰልፉም የነበረው ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ከፎቶ የመረጠችውም ይኸው ሰው እንደነበር ተነገራት፤ የቀረችው ቅንጣት ጥርጣሬ እዚያው ላይ አበቃች። ችሎት በቀረበችበት ቀን በሐሳቧ የሚታያት ፊት የደፈራት ሰው ፊት አልነበረም፤ ቦታውን የኮተን ፊት ወስዶታል። ለዚህ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ማስረጃ በ1987 የታየው ነው፤ ጉዳዩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ቦቢ ፑል ራሱ ችሎት አዳራሽ ውስጥ ቀረበ፣ ቶምሰን ግን ፊት ለፊት እያየችው አላወቀችውም።

ጌሪ ዌልስና ኤሚ ብራድፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ያሳተሙት ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። ለተሳታፊዎች የጥበቃ ካሜራ ምስል አሳዩአቸው፤ ቀጥሎ ወንጀለኛው የሌለበት የፎቶ ድርድር ሰጡአቸው፤ የመረጡት ሁሉ ተሳስተዋል ማለት ነው። ለከፊሎቹ «ጥሩ፣ ተጠርጣሪውን ለይተሃል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረላቸው። እነዚህኞቹ በኋላ ሲጠየቁ፣ ሲመርጡ እርግጠኛ እንደነበሩ፣ ፊቱን በደንብ እንዳዩት፣ በትኩረት እንደተመለከቱት ሳይቀር ተናገሩ። ማንም አልዋሸም።

ስለዚህ በችሎት ላይ «እርግጠኛ ነኝ» መባሉ ብቻውን ብዙ አይመዝንም። የሚመዝነው ምስክሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለይ፣ ማንም ምንም ሳይነግራት፣ በራሷ አፍ ምን አለች የሚለው ነው። ምርመራውን ያካሄደው ፖሊስ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር? «ሰውየው እዚህ ውስጥ ላይኖር ይችላል» ተብሎ ተነግሯታል? በድርድሩ የገቡት ሌሎች ሰዎች ከሰጠችው መግለጫ ጋር ይመሳሰላሉ? ምስክሯና ተከሳሹ ከተለያየ ዘር ከሆኑ ደግሞ (ቶምሰን ነጭ፣ ኮተን ጥቁር ነው) ሰው የሌላውን ዘር ፊት ከራሱ ዘር ፊት ባነሰ መጠን እንደሚለይ በብዙ ጥናት የታወቀ ነው። ሰሜን ካሮላይና በ2007 ባወጣችው ሕግ አብዛኞቹን እነዚህን ነጥቦች ለፖሊስ ግዴታ አድርጋቸዋለች፤ ለዚያ ሕግ መውጣት የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ምስክርነት ቀላል ድርሻ አልነበረውም።

ጥያቄ አለኝ

መምህር፣ ያሉት ሁሉ ልክ ይሁን። ሆኖም የመድፈር ወንጀል በባሕርዩ ከሁለቱ ሰዎች በቀር ሌላ ምስክር የሌለው ነው። ዛሬ ጁሪ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ኮተንን እያሰበ ምስክሯን ከተጠራጠረ፣ እንደምንም ደፍራ ወደ ሕግ የመጣች ሴት ነገ ምን ተስፋ ይኖራታል? በእኛ ማኅበረሰብ እንኳንስ ጥርጣሬ ተጨምሮበት፣ እንዲሁም ብዙዎቹ ውጠውት ነው የሚኖሩት።

ሌላም የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ይቅርታ ጠያቂዋ ቶምሰን ብቻ ናት። የተደፈረችው እሷ፣ ጥፋተኛ ሆና አደባባይ የምትቆመው እሷ! ድርድሩን ያዘጋጀው፣ «ጥሩ ሠርተሻል» ያለው፣ ክሱን የመሠረተው፣ በሌላ ሰው ላይ የሚያመለክተውን ማስረጃ ለጁሪ እንዳይቀርብ የከለከለው ሁሉ በደመወዝ የሚሠራ የመንግሥት ሰው ነበር። እሷ የሆነባትን ብቻ ነው የተናገረችው።

ጠበቃ ከአዲስ አበባ

የመጨረሻውን ሐሳብዎን እኔም እጋራለሁ። የመጀመሪያውን ግን ከሌላ ወገን እንመልከተው። ኮተን ታስሮ በነበረበት ወራት ቦቢ ፑል ከእስር ውጭ ነበር፤ በሌሎች ሴቶች ላይም ተመሳሳይ ወንጀል ፈጽሟል፤ በመጨረሻ ተይዞ የገባውም ኮተን ወዳለበት እስር ቤት ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ምርጫ ሴቶችን አይጠብቅም። ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ ተከሳሹን ብቻ ሳይሆን ቀጣይዋን ተጠቂም ይጠቅማል።

እኔን እንደ ባለሙያ ይበልጥ ያሳሰበኝ የ1987ቱ ሁለተኛ ችሎት ነው። የመጀመሪያው ፍርድ በክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው ኮተን ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም። በዚያው ሌሊት የተደፈረች ሌላ ሴት ነበረች፤ ይህች ሴት በሰልፉ ላይ ሌላ ሰው መምረጧን ጁሪው እንዳይሰማ በመደረጉ፣ ማለትም በማስረጃ አቀባበል ስሕተት ነው የተሻረው። ይህ በእንዲህ እንዳለ ፑል ወንጀሉን የፈጸምኩት እኔ ነኝ ብሎ ለሌላ እስረኛ ተናግሮ ነበር። እንግዲህ ጉዳዩ ሲመለስ እውነቱ ይወጣል ብሎ ያላሰበ አይኖርም። ዳኛው ግን ስለ ፑል የቀረበው ማስረጃ ለጁሪው እንዳይሰማ ከለከሉ፤ ሁለተኛዋ ሴትም አሁን ኮተንን ጠቆመች፤ ሰውየው በሁለቱም ወንጀሎች ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክና 54 ዓመት ተፈረደበት። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ይግባኝ በአብዛኛው የሚመለከተው ሥርዓቱ በሕጉ መሠረት ስለመካሄዱ ነው። የእኛም ሰበር ሰሚ ችሎት ሥልጣኑ መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ማረም እንጂ ምስክሩ እውነት ተናግሯል ወይ ብሎ እንደገና መመርመር አይደለም። ስለዚህ ፍሬ ነገሩ በሥር ፍርድ ቤት አንዴ ከተበላሸ በኋላ ላይ የሚያቀናው አካል እየጠፋ ይሄዳል፤ ጁሪውም ሆነ የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ያለባቸው ኃላፊነት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ኮተንን ያዳነው ይግባኙ ሳይሆን፣ ፖሊስ ማስረጃውን ከአሥር ዓመት በላይ ሳይጥለው ማቆየቱና ሪቻርድ ሮዘን የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር ጉዳዩን መያዛቸው ነው። ከአንደኛዋ ተጠቂ የተወሰደው ናሙና እንኳ ተበላሽቶ ነበር፤ ውጤት የሰጠው ከሌላዋ የተወሰደው ነው።

ለጠያቂያችን አንድ ነገር ልጨምር። ኮተን በመጀመሪያው ምርመራ «በዚያ ሌሊት የት ነበርክ?» ሲባል ቅዳሜና እሑዱን ከሌላ ሳምንት ጋር አቀላቅሎ መለሰ፤ በኋላ ቢያርመውም እንደ ውሸት ተቆጠረበት። ንጹሕ ሰው ያን ሌሊት ለይቶ የሚያስታውስበት ምክንያት የለውም፤ ለእሱ እንደማንኛውም ሌሊት ነው። ቀድሞ የጥፋት ሪከርድ ስለነበረውም ነው ፎቶው ፖሊስ እጅ የተገኘው። ሁለቱ ሲደመሩ በጁሪ ዓይን ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት።

ስለ ካሳው ደግሞ፣ ኮተን ሲወጣ የክፍለ ግዛቱ አሮጌ ሕግ ይፈቅድ የነበረው ቢበዛ 5,000 ዶላር ነበር። ሕጉ ተሻሽሎ ያገኘው ወደ 110,000 ዶላር ገደማ ሆነ፤ ዛሬ በሰሜን ካሮላይና ለአንድ ዓመት እስር 50,000 ዶላር፣ በድምሩ እስከ 750,000 ዶላር ይታሰባል። ኢትዮጵያም በ1985 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 6፣ አዲስ ማስረጃ ፍትሕ መጓደሉን በማያሻማ ሁኔታ ሲያሳይ በሕግ መሠረት ካሳ እንዲከፈል ያዝዛል። ሌላው ልዩነት የክፍለ ግዛቱ ገዥ ለኮተን የሰጡት ምሕረት ንጹሕነቱን የሚመሰክር መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠይቅ ፍርደኛ መጸጸቱ ይመዘንለታል፤ ያልሠራውን ሰው በምን ተጸጸት ይሉታል? አልሠራሁም ባለ ቁጥር ደንዳና እየመሰለ ይሄዳል።

የደብሩ አገልጋይ

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ጥቂት ለመናገር ይፈቀድልኝ። በመጽሐፈ ሶስና ሁለቱ ሽማግሌዎች በሐሰት ሲመሰክሩባት ዳንኤል ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ መልሳቸው ስለተለያየ ሶስና ዳነች፣ እነሱም ሊያመጡባት ያሰቡትን ቅጣት ራሳቸው ተቀበሉ። ይህ ለሐሰተኛ ምስክር ነው። ለቶምሰን አይሆንም፤ እሷን ለያይቶ በመጠየቅ የሚገኝ ውሸት አልነበረም። ለእሷ የሚቀርበው በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈው የመማፀኛ ከተሞች ሥርዓት ይመስለኛል። ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይሞትም፤ ነገር ግን «ሳላውቅ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ሊቀ ካህኑ እስኪሞት ድረስ በዚያች ከተማ ይቀመጣል። አለማወቅ ከበደለኛነት ያነጻል፣ ከዕዳው ግን ፈጽሞ አያሰናብትም። ቶምሰንም የቀረ ዕድሜዋን የዚህ ዓይነት ስሕተት እንዳይደገም በመሥራት ያሳለፈችው ማንም ፈርዶባት አይደለም።

«ይቅር ከተባባሉ አልቋል» የሚሉት ወገኖች የተዘለለ ነገር አለባቸው። በእኛ አገር ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ፣ ገዳዩ ያደረገውን ሳያምንና ካሳው ሳይቆረጥ «ታረቁ» አይሉም። በኮተን ጉዳይም እውነቱ የወጣው በ1995፣ የተገናኙት ከዚያ በኋላ ነው። በእስር ሳለ፣ ሰው ሁሉ ደፋሪ እያለው፣ «ይቅር በላት» የሚለው መካሪ ቢመጣ ኖሮ ምክር ሳይሆን ሌላ በደል በሆነበት ነበር።

ጥያቄ አለኝ

አባቴ፣ ካሉት ጋር የማይገጥም አንድ ሰው አለ፤ የአላባማው አንቶኒ ሬይ ሂንተን። በ1985 በበርሚንግሃም አካባቢ ለተፈጸሙ ሁለት ግድያዎች ሞት ተፈርዶበት ወደ 30 ዓመት በሞት ፍርደኞች ክፍል ቆየ። በሦስተኛ ዘረፋ ቆስሎ የተረፈ ሰው ከፎቶ ለይቶ አውጥቶት ነበር፤ ሂንተን ግን በዚያ ሰዓት 15 ማይል ርቆ በተቆለፈ መጋዘን ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። ለግድያዎቹ የቀረበው ማስረጃ ከእናቱ ቤት የተወሰደ ሽጉጥ ነው፤ ጥይቶቹም ከዚያ ሽጉጥ ስለመተኮሳቸው ማረጋገጥ አልተቻለም። ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን ለዓመታት ተሟግተውለት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ፍርዱን ሻረው፤ በሚያዝያ 2015 ወጣ። አላባማ ይቅርታ አልጠየቀችውም፣ ካሳም አልከፈለችውም። እሱ ግን በአደባባይ ይቅር ብያለሁ አለ። የታመነ ጥፋት በሌለበት፣ ካሳ ባልተቆረጠበት! ይህስ እርቅ ነው?

የደብሩ አገልጋይ

እርቅ አይደለም፤ እርቅ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሂንተን ያደረገው ቂሙን ከራሱ ላይ ማውረድ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ ያደረገው ትልቅ ነገር ነው። የአላባማ ዕዳ ግን እንዳለ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። እንዲያውም ሰውየው ሳይጠየቅ ይቅር ማለቱ መንግሥትን የሚያሳፍር እንጂ የሚያሳርፍ መሆን አልነበረበትም። በአጥቢያችሁ የተባለው ስሕተት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ተበዳዩ በፈቃዱ የሰጠውን፣ እኛ ተመልካቾቹ ባለዕዳውን ለማሰናበት ተጠቀምንበት።

የሜሪላንዷ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ዕዳውና ቂሙ መለየታቸው እኔ በቃላት ያጣሁትን ሰጥቶኛል። አንድ የቀረኝ ነገር፣ መምህሩ የዘረዘሯቸውን ጥያቄዎች ጠበቆቹ ሳይጠይቋቸው ቢቀሩ፣ የጁሪ አባል ራሱ መጠየቅ ይችላል? ወይስ ዝም ብዬ የተሰጠኝን ብቻ ነው የምመዝነው?

መምህሩ

እንደ ክፍለ ግዛቱና እንደ ዳኛው ይለያያል። በአንዳንድ ችሎቶች የጁሪ አባል ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ለችሎቱ ሠራተኛ ይሰጣል፤ ዳኛው ከጠበቆቹ ጋር ካዩት በኋላ ሕጉ የሚፈቅደው ከሆነ ራሳቸው ለምስክሩ ያቀርቡታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ዳኛው መመሪያ ሲሰጡ ይህንና ማስታወሻ መያዝ ይፈቀድ እንደሆነ ያዳምጡ። በራስዎ ግን ስለ ጉዳዩ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ፣ ቦታውን ሄዶ ማየት ወይም እዚህ መጥቶ እኛን መጠየቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በዚህ ብቻ ችሎቱ ሊፈርስ ይችላል። ከተመረጡ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ ስለ ጉዳዩ ከእኛም ከቤተሰብም ጋር አይነጋገሩ።

ጥያቄው ሳይጠየቅ ከቀረም እጅዎ ባዶ አይደለም። የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ምስክሯ መጀመሪያ ስትለይ ምን እንዳለች ካልቀረበልዎ፣ ያ ጉድለት የሚቆጠረው በዐቃቤ ሕጉ ላይ እንጂ በተከሳሹ ላይ አይደለም። ስለ ዓይን ምስክር ዳኛው የሚያነቡትም መመሪያ አለ፤ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ከሰጠው ውሳኔ በኋላ የዚያ ክፍለ ግዛት መመሪያ እዚህ የተነሡትን አብዛኞቹን ነጥቦች ያካተተ ሆኗል፤ የሜሪላንዱንም በጥሞና ይስሙት። በመጨረሻ ሁላችሁም ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ የመመሪያው ጽሑፍ ካልተሰጣችሁ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እንግሊዝኛው በፍጥነት ሲነበብ የሚያመልጠውን ለማየት ይረዳል።